ቦቲ ማክቦትፌስ፦ በሳይንስ ዜና ላይ የተወረወረ ቀልድ እንዴት ሥራ እንደተሰጠው (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩን ለምን መረጥኩት

የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዜና በወጣ ቁጥር ቀልድ ይከተለዋል። አዲስ ሮቦት ተሠራ ሲባል «ዕቃ ያጥባል ወይ?» የሚል ይመጣል። አዲስ ፕላኔት ተገኘ ሲባል «የቤት ኪራይ እዚያ ስንት ነው?» የሚል አይጠፋም። ዜናውን ያወጣው ተቋም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ እንዳልሰማ ያልፋል፣ ወይ ይኮሳተራል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል፤ የሚቀልደው ሰው እኮ ቢያንስ ዜናውን ከፍቶ አይቷል። ከዚያ በላይ ደግሞ ጊዜውን ሰጥቶ መልስ ጽፏል። ስንት ጠቃሚ ግኝት ነው ማንም ዞር ብሎ ሳያየው የሚያልፈው?

በዚህ ረገድ በደንብ ተመዝግቦ መቀመጥ ያለበት አንድ ጉዳይ አለ። በ2016 ብሪታንያ ውስጥ የሆነ ነው (ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ሰው ቀልዱን ያውቀዋል። ከቀልዱ በኋላ የሆነውን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ትምህርቱ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ሰዎቹን በስም አልጠራም። ሐሳቡን ያመጣው ማን ነው፣ ኃላፊው ማን ነበር፣ ሚኒስትሩስ የሚለው ለትምህርቱ አያስፈልግም። በስም የምጠራው መርከቧ በስማቸው የተሰየመችውን ሰው ብቻ ነው። ያለ እሳቸው ታሪኩ አይነገርም።

ዳራ

ብሪታንያ ለዋልታ ምርምር የምትጠቀምባቸው ሁለት መርከቦች ነበሯት፦ «ጄምስ ክላርክ ሮስ» እና «ኧርነስት ሻክልተን»። ሁለቱንም በአንድ ትልቅና ዘመናዊ መርከብ ለመተካት ታሰበ። ወጪው 200 ሚሊዮን ፓውንድ። የመርከቧ ርዝመት 129 ሜትር። 1 ሜትር ውፍረት ያለው የባሕር በረዶ እየሰበረች መሄድ ትችላለች። 60 ያህል ተመራማሪና ደጋፊ ባለሙያ፣ 30 ያህል ደግሞ የመርከብ ሠራተኛ ትይዛለች። ግንባታውን የያዘው በርከንሄድ የሚገኘው ካመል ሌርድ የተባለ የመርከብ ግንባታ ድርጅት ሲሆን መርከቧን የሚያሠራት የብሪታንያ አንታርክቲክ ሰርቬይ የተባለው የዋልታ ምርምር ተቋም ነው።

ይህ ሁሉ ከባድ ጉዳይ ነው። የአንታርክቲካ በረዶ እንዴት እየቀለጠ ነው፣ የባሕር ወለል ምን ያህል ይነሳል የሚሉት ጥያቄዎች የሚመለሱት በእንዲህ ዓይነት መርከብ ላይ በሚሠራ ሥራ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር። «አዲስ የምርምር መርከብ ሊሠራ ነው» የሚል ዜና ስንት ሰው ያነባል? የሚያነቡት ቀድሞውንም ጉዳዩን የሚያውቁት ናቸው።

ገንዘቡን የሚያስተዳድረው የተፈጥሮ አካባቢ ምርምር ምክር ቤት፣ በአጭሩ ኔርክ፣ ይህን ተረድቶ ነበር። ስለዚህ መጋቢት 17 ቀን 2016 አንድ ዘመቻ ጀመረ፦ መርከባችንን ስም አውጡላት። ድረ ገጽ ተከፈተ። ሰው የፈለገውን ስም ይጠቁማል፣ ሌላው ደግሞ የወደደውን ይደግፋል። ከታላላቅ አሳሾች፣ ከታሪክና ከተፈጥሮ ጋር የተያያዘ አነቃቂ ስም ነበር የሚጠበቀው። በደንቡ ላይ አንድ ቁም ነገር ሰፍሯል፤ የመጨረሻው ውሳኔ የተቋሙ ዋና ኃላፊ ነው። ይህችን መስመር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ቀልዱ እንዴት መጣ

አንድ የቀድሞ የቢቢሲ ሬዲዮ አቅራቢ ድረ ገጹን ከፍቶ «ቦቲ ማክቦትፌስ» ብሎ ጠቆመ። ለማያውቀው፣ ስሙ ጀልባ (ቦት) እና ፊት (ፌስ) የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አጋጥሞ የስኮትላንድ የቤተሰብ ስም ያስመሰለ ነው። ትንሽ ልጅ ለመታጠቢያው አሻንጉሊት የሚያወጣው ዓይነት ስም። ሰውዬው ነገሩን ለዋዛ ነበር ያደረገው። ስሙ ሲዛመት ደንግጦ ተቋሙን ይቅርታ ጠይቋል።

ግን ከእጁ ወጥቷል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ስሙ አንደኛ ሆነ። ድረ ገጹ የመጣውን ሰው መሸከም አቅቶት ወደቀ። ከ7,000 በላይ ስሞች ተጠቁመው ነበር። ድምፅ መስጫው ሚያዝያ 16 ሲዘጋ ቦቲ ማክቦትፌስ 124,109 ድምፅ አግኝቷል። ሁለተኛ ከወጣው ስም ከ3 እጥፍ በላይ ነው። ከጠቅላላው ምን ያህሉ በመርከቧ ሥራ ላይ ፍላጎት እንደነበረው ማንም ሊናገር አይችልም። ግን 124,109 ጊዜ አንድ ሰው ስለ ዋልታ ምርምር መርከብ አስቦ ቁልፍ ተጭኗል።

ለምን ይህ ቀልድ? ሌሎችም የሚያስቁ ጥቆማዎች ነበሩ። በእኔ ግምት ሦስት ነገር አግዞታል። አንደኛ፣ ማንንም አይነካም። አይሳደብም፣ ዘር አይጠቅስም፣ ፖለቲካ የለበትም። አያትም ልጅም አብረው ይስቁበታል። ሁለተኛ፣ ለማንም ክፍት ነው። ቅርጹን የያዘ ሰው ወዲያው የራሱን መሥራት ይችላል፣ ለባቡሩም ለድመቱም። ሦስተኛው ዋነኛው ይመስለኛል። የተቋሙ ኮስተር ማለትና የስሙ ልጅነት አንድ ላይ መምጣታቸው ነው። 200 ሚሊዮን ፓውንድ የወጣባት፣ በረዶ የምትሰብር፣ ከንጉሣዊ የማዕረግ ስያሜ ጋር የምትሄድ መርከብ፣ ከዚያ ቦቲ። ሳቁ ያለው በዚያ ልዩነት ውስጥ ነው። ስሙን ለአንዲት ትንሽ ጀልባ ቢሰጡት ማንም አይስቅም ነበር።

ችግሩ

ኔርክ አጣብቂኝ ውስጥ ገባ። ስሙን ቢቀበል፣ መርከቧ ለአሥርተ ዓመታት የምትሠራው ሰው ሊሞትበት በሚችል ባሕር ላይ ነው። በማዕበል መሀል በሬዲዮ እርዳታ የሚጠራ ካፒቴን የሚጠራው ይህን ስም ነው። አደጋ ደርሶ ዜና ቢነገር የሚነበበው ይህ ስም ነው። ቀልድ ደግሞ ያረጃል፤ ዛሬ ያሳቀ ከ10 ዓመት በኋላ ያሰለቻል።

ስሙን ባይቀበልስ? «ጠይቃችሁን መለስን፣ ከዚያ ናቃችሁን» ይባላል። አልፎ ተርፎ ነገሩ ስለ ስም መሆኑ ቀርቶ «ሕዝቡን እሰማለሁ ብሎ የማይሰማ መንግሥት» ወደሚል ክርክር ሊዞር ይችላል። ዞረም።

እዚህ ላይ ያቺ የደንብ መስመር ትመጣለች። ውሳኔው የኃላፊው እንደሆነ ከመጀመሪያው ተጽፏል፣ ማንም አልተዋሸም። ግን የዘመቻው አቀራረብ ሌላ ነበር። ሰው ያየው «ስም አውጡላት» የሚለውን ጥሪ፣ የድምፅ ቆጠራና የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። ደረጃ ያለው ነገር ውድድር ይመስላል፣ በውድድር ደግሞ አንደኛ የወጣ ያሸንፋል። ደንቡን ጠጋ ብሎ ያነበበ ጥቂት ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በትልቁ የተጠራን ጥሪ በኋላ በትንሹ በተጻፈ ደንብ ማቃናት አይቻልም።

አንድ ሌላም አለ፣ ብዙ የማይነሳ። ሁለተኛ የወጣው ስም በማይድን ካንሰር የታመመች የአንዲት ሕፃን ስም ነበር። ሰዎች ለእሷና ለቤተሰቧ ፍቅራቸውን ለመግለጽ ነው ድምፅ የሰጡት። ከፍ ያለ ድምፅ ካገኙት ሌሎች ስሞች አንዱ ደግሞ በዚያው ዓመት በጥር፣ አንታርክቲካን ብቻቸውን በእግር ሊያቋርጡ ሞክረው ሕይወታቸው ያለፈ አሳሽ ስም ነው። ሳቁና ሐዘኑ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ተደርድረው ነበር። ይህን ማንም አላሰበበትም፣ ወይም ቢያስብም ድረ ገጹ የሚለይበት መንገድ አልነበረውም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ኔርክ ያላደረገውን ልናገር። ጥቆማውን አልሰረዘውም። ድምፅ መስጫውን ከቀኑ በፊት አልዘጋውም። የሚቀልዱትን አልገሠጸም። አንድ የመንግሥት ገንዘብ የሚያስተዳድር ተቋም በእንዲህ ዓይነት ጫና ውስጥ ሆኖ እጁን መሰብሰቡ ቀላል አይደለም። ስንቱ በሁለተኛው ቀን «በቴክኒክ ችግር ምክንያት» ብሎ ይዘጋው ነበር!

ድምፅ መስጫው ከተዘጋ በኋላ 3 ሳምንት ያህል ውሳኔ አልተሰማም። በዚህ መሀል የሳይንስ ሚኒስትሩ ለመርከቧ ሥራ ክብደት የሚመጥን ስም እንደሚፈለግ ፍንጭ ሰጡ። ሰው ያኔውኑ ገባው።

ግንቦት 6 ቀን 2016 ውሳኔው ወጣ፣ ሁለት ክፍል ነበረው። መርከቧ «ሰር ዴቪድ አተንቦሮ» ተባለች። የተፈጥሮ ፊልሞችን በማቅረብ የሚታወቁት አዛውንት ከሁለት ቀን በኋላ 90 ዓመት ሊሞላቸው ነበር፣ ስማቸውም ከተጠቆሙት መካከል ነበር። ቦቲ ማክቦትፌስ ደግሞ በመርከቧ ለሚጫን ሰው አልባ ሰርጓጅ ተሰጠ። ከዚሁ ጋር ትምህርት ቤቶችን ከዋልታ ሳይንስ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም እንደሚጀመርና እስከ 1 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚመደብለት ተነገረ።

ግንቦት 10 ላይ የፓርላማው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚቴ የኔርክን ኃላፊ ጠርቶ ስለ ጉዳዩ ጠየቀ። ርዕሱ የሳይንስ ኮሙኒኬሽን ነበር። አንድ ቀልድ በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ በቁም ነገር መታየቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

የሠራው

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። «ስሙን ለትንሿ ሰጥተው ሸነገሉን» ይላል። እኔ ግን አልስማማም። ስሙ የተሰጠው ለምን ዓይነት መሣሪያ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

መሣሪያው ኦቶሰብ ሎንግ ሬንጅ ይባላል። የሠራው የብሪታንያ ብሔራዊ የውቅያኖስ ጥናት ማዕከል ነው። ቢጫ ነው፣ በሊቲየም ባትሪ ይሠራል፣ ሰው አይገባበትም። ከተለመዱት ሰርጓጆች የሚለየው በዝግታው ነው። ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ኃይል ይቆጥባል፣ ስለዚህ ረጅም ጊዜ ብቻውን ይቆያል። ሽቦ አይጎትትም፣ ከመርከብ ሆኖ የሚነዳውም የለም። የታዘዘውን መንገድ ይዞ ይሄዳል፣ የውሃውን ሙቀት፣ ጨዋማነትና መናወጥ ይለካል፣ ከዚያ ይመለሳል። መርከብ በማይደርስበት፣ ለምሳሌ ከበረዶ ሥር፣ የሚሠራው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ቀልዱ የተሰጠው ለጌጥ ሳይሆን ለሥራ መሣሪያ ነው። ለውጡን ያመጣው ይህ ነው።

የመጀመሪያ ሥራው በ2017 ነበር። አዲሷ መርከብ ገና እየተገነባች ስለነበር የተሳፈረው በአሮጌዋ «ጄምስ ክላርክ ሮስ» ላይ ነው። መርከቧ «ሰር ዴቪድ አተንቦሮ» የመጀመሪያ የአንታርክቲካ ጉዞዋን የጀመረችው በኅዳር 2021 ነው። ማለትም ቀልዱ ከመርከቧ ከ4 ዓመት በላይ ቀድሞ እዚያ ደርሷል።

ቦታው በደቡባዊ ውቅያኖስ የሚገኘው የኦርክኒ መተላለፊያ ነው። ከአንታርክቲካ ዳርቻ የሚነሳው እጅግ ቀዝቃዛ ውሃ ከባሕሩ ሥር ተንሸራቶ ወደ አትላንቲክ የሚያልፍበት ጠባብ ሸለቆ ነው። ቦቲ እስከ 4,000 ሜትር ጥልቀት ወርዶ ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። በዚያ ጉዞ ላይ የገጠመው አንድ ነገር አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። ሰርጓጁ ከሥሩ ያለውን ርቀት የሚያውቀው ድምፅ ልኮ የሚመለሰውን በማዳመጥ ነው። 80 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ እያለ ድምፁ ቶሎ ተመለሰ። ቦቲ ከባሕሩ ሥር ያለው መሬት ላይ የደረሰ መሰለው። መሬቱ ግን ገና በጣም ሩቅ ነበር። ድምፁን የመለሰው ክሪል የሚባሉት ጥቃቅን ሽሪምፕ መሳይ እንስሳት መንጋ ነው፤ ከብዛታቸው የተነሳ መሬት መስለዋል። ዓሣ ነባሪዎች የሚጠግቡት በምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

ይህ ዜና ተነበበ። ያለ ስሙ ቢሆን ኖሮ «የሰርጓጅ አኮስቲክ ዳሳሽ በክሪል ተሳሳተ» የሚለውን ማን ያነበዋል? ሰው ያነበበው «ቦቲ» ስለሆነ ነው። ስሙ አላፊ ሳቅ ብቻ ቢሆን በ2016 መጨረሻ ይሞት ነበር። ሥራ ስለነበረው ግን ጋዜጠኛው በየጊዜው የሚመለስበት ምክንያት አገኘ።

በ2018 መጀመሪያ ሰርጓጁ ፊልችነር ሮን ከሚባለው ግዙፍ የበረዶ መደርደሪያ (ከአንታርክቲካ ምድር ጋር ተያይዞ ባሕር ላይ የተንሳፈፈ በረዶ) ሥር ገባ። ከበላዩ በመቶ ሜትሮች የሚለካ ውፍረት ያለው በረዶ አለ። እዚያ ገብቶ የተበላሸ መሣሪያ ብቅ ብሎ ሊነሳ አይችልም፣ በቃ ቀረ ማለት ነው። ቦቲ ከ51 ሰዓት በላይ ከበረዶው ሥር ቆይቶ 108 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ወጣ።

የ2017ቱ ልኬት ውጤት በ2019 በአንድ የሳይንስ መጽሔት ታተመ። ነገሩ ወዲህ ነው። በደቡባዊ ውቅያኖስ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ባለፉት አሥርተ ዓመታት በርትቷል፤ በኦዞን መሳሳትና በሙቀት አማቂ ጋዞች ምክንያት። የነፋሱ ብርታት ጥልቁ ድረስ ወርዶ ውሃውን ያናውጣል። ሲናወጥ መካከለኛ ጥልቀት ላይ ያለው ሞቅ ያለ ውሃ ከታችኛው ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ይቀላቀላል። የታችኛው ይሞቃል። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ የባሕር ወለልም ከፍ ይላል። ይህ ሂደት በወቅቱ በነበሩት የአየር ንብረት ሞዴሎች ውስጥ አልነበረም። ለጀልባ ስም ብሎ የመጣ አንባቢ የነፋስንና የባሕር ወለልን ግንኙነት አንብቦ ሄደ ማለት ነው። እኔን ደስ የሚለኝ ይህ ነው።

ያልሠራው

ቅሬታው አልጠፋም። ውሳኔው በወጣ ሰሞን ሰር ዴቪድ ስማቸውን ወደ «ሰር ቦቲ ማክቦትፌስ» እንዲቀይሩ የሚጠይቅ ፊርማ ማሰባሰብ ተጀመረ፤ ለዴሞክራሲና ለቀልድ ሲባል የሚል። ይህም ቀልድ ነው፣ ግን ከሥሩ እውነተኛ ነገር ነበረበት። ሰው ድምፁን ሰጥቶ ውጤቱ ሲቀየር አይወድም፣ ድምፁ ለቀልድ ቢሆንም እንኳን።

የ3 ሳምንቱ ዝምታ ደግሞ አላስፈላጊ ነበር ብዬ አስባለሁ። ቀልዱ አንደኛ እንደሚወጣ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ይታይ ነበር። ድምፅ መስጫው በተዘጋ ማግስት «ስሙን አንጥለውም፣ ሥራ እየፈለግንለት ነው» ቢባል ኖሮ ሰው የሰርጓጁን ዜና እንደ ማባበያ ሳይሆን እንደ ተጠበቀ መልስ ይቀበለው ነበር።

ቴክኒኩም አልተዘጋጀም። ሰው ሊመጣ በፈለገበት ሰዓት የሚወድቅ ድረ ገጽ ይዞ ሕዝብን መጥራት ጥሩ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን የሕፃኗ ጉዳይ ነው። ድምፁን በሐዘን የሰጠ ሰውና ድምፁን በሳቅ የሰጠ ሰው በአንድ ሚዛን ተመዘኑ፣ ዜናውም ሳቁን ይዞ ሄደ። ስሟን ለአንድ ነገር ማዋል ይቻል ነበር ወይ? መርከቧ ላይ ላቦራቶሪ አለ፣ ትናንሽ ጀልባዎች አሉ። ቢያንስ መልካም ደብዳቤ። የተደረገ ነገር ኖሮ ከሆነም በይፋ ከወጣው ውሳኔ ጎን አልቆመም።

ከሁለት ሌሎች ጉዳዮች ጋር ሲነጻጸር

የኔርክ መፍትሔ ከዚያ በፊት ተሞክሮ ነበር። በ2009 ናሳ ለዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አዲስ ክፍል ስም ሲያፈላልግ አንድ አሜሪካዊ ኮሜዲያን ተመልካቾቹን «የእኔን ስም ጻፉ» አላቸው። ከ230,000 በላይ ድምፅ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ናሳ ክፍሉን «ትራንኩዊሊቲ» አለው፣ አፖሎ 11 ያረፈችበትን የጨረቃ ሜዳ ለማስታወስ። የኮሜዲያኑን ስም ደግሞ በጣቢያው ላይ ላለ የመሮጫ ማሽን ሰጠው፤ የማሽኑ ረጅም የቴክኒክ ስም ሲጠቃለል የእሱን ስም እንዲሰጥ ተደርጎ። ማሽኑ መጫወቻ አይደለም። ክብደት በሌለበት ቦታ አጥንትና ጡንቻ ስለሚሳሳ ጠፈርተኞች በየቀኑ ስፖርት መሥራት ግዴታቸው ነው። እዚህም ቀልዱ ሥራ ተሰጠው።

በሲድኒ የሆነው ተቃራኒው ነው። በ2017 ለአንድ አዲስ የሕዝብ ጀልባ ስም ሲወጣ ባለሥልጣኑ «ፌሪ ማክፌሪፌስ» ብለው አወጁ፣ የሕዝብ ምርጫ እንደሆነ ተደርጎ ተነገረ። በኋላ ሲጣራ ስሙ በድምፅ ብዛት የተመረጠ አልነበረም፣ ያገኘውም በጣም ጥቂት ነው። ነገሩ ሲጋለጥ ጀልባዋ በአንዲት የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ስም ተሰየመች። ቀልዱ ከሕዝቡ ሲመጣ ያስቃል፤ ከቢሮ ተሠርቶ «የእናንተ ነው» ሲባል ግን ሰው ይሸተዋል። በሌላ አገር ቀልድ ሰውን ሲያስቅ አይተህ ብትኮርጀው ያው ሳቅ አይመጣም።

ወደ ሌላ ሥራ የሚወሰዱ ነጥቦች

የሳይንስ ዜና ለሚጽፍ፣ ለተቋም ኮሙኒኬሽን ለሚሠራ፣ ወይም አንድ ግኝት ለሕዝብ ለሚያቀርብ ሰው እኔ ከዚህ ጉዳይ የምወስደውን ላካፍል።

ከመጠየቅህ በፊት የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ በትልቁ ጻፍ። በደንቡ ግርጌ ሳይሆን በጥሪው ራሱ ላይ። «ስም ጠቁሙን፣ ከመጀመሪያዎቹ 10 አንዱን ባለሙያዎች ይመርጣሉ» ቢባል ኖሮ ቀልዱም ይመጣ ነበር፣ ቅሬታው ግን አይመጣም ነበር። ደረጃ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ካስፈለገ በውጤቱ ለመኖር መዘጋጀት ነው። ካልሆነ ሰንጠረዡን አለማሳየት ይሻላል።

ቀልዱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለይ። ሁሉም አንድ አይደለም። ሰውን የሚያዋርድ ቀልድ አለ፣ እሱ ይወገዳል፣ ክርክርም አያስፈልገውም። ግኝቱን በስህተት ተረድቶ የሚቀልድ አለ፤ ይህኛው በጣም ጠቃሚ ነው፣ ምክንያቱም ጽሑፍህ የት ላይ ግልጽ እንዳልሆነ በነጻ ይነግርሃል። ብዙ ሰው «ሮቦቱ ሥራዬን ሊወስድ መጣ» ብሎ ከቀለደ ዜናው ሮቦቱ የማይችለውን አልነገረም ማለት ነው። የቦቲ ዓይነቱ ደግሞ የፍቅር ቀልድ ነው። ነገሩን የራስ የማድረግ መንገድ ነው። ልጅ የወደደውን ነገር ስም ያወጣለታል።

ለፍቅር ቀልድ የሚሰጠው መልስ ሥራ ነው። ሠራተኛ፣ ደጋግሞ ዜና የሚያመጣ፣ ሲበላሽም ሲሳካም ሰው የሚጠይቅለት ነገር ላይ አውለው። የመርከብ ግድግዳ ላይ ስሙን የያዘ ጽሑፍ ቢለጠፍ ለአንድ ቀን ፎቶ ይሆናል፣ አለቀ። ወደ ጥልቁ ሄዶ የሚመለስ መሣሪያ ላይ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ጉዞ አዲስ ታሪክ ነው። ይህን ለመወሰን በጀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቀልዱን ከሚጽፉት ይልቅ የምርምር ሥራውን የሚያውቅ ሰው ውሳኔው ላይ መኖሩ ነው። የትኛው መሣሪያ ለብዙ ዓመት እንደሚሠራና ውጤቱ ለሰው ሊነገር እንደሚችል የሚያውቀው እሱ ነው።

ቶሎ መልስ። ቀልድ በቀናት ይቆጠራል። ሙሉ ውሳኔ ባይኖርም «ሰምተናል፣ ወደነዋል፣ እያሰብንበት ነው» ማለት ይቻላል። ስትመልስ ደግሞ በቀልድ ካልቻልክ በቀልድ አትሞክር። ተቋም ለመቀለድ ሲታገል ያስታውቃል። በቁም ነገርና በደግነት የተመለሰ አጭር መልስ ይበቃል።

ሳቁ ያመጣውን ሰው ባዶ እጁን አትስደደው። ከቀልዱ ጎን አንድ አንቀጽ ይኑር፦ መርከቧ ለምን ተሠራች፣ ከበረዶው ሥር የሚለካው ምንድን ነው፣ ለእኔ ምን አገባኝ። ሰውየው ከሳቀ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ዝግጁ ነው። ያቺን ጊዜ ተጠቀምባት። የሰርጓጁ ሰዎች የክሪሉን ታሪክ ሲናገሩ ያደረጉት ይህን ነው። አስቂኙን ክስተት ተናገሩ፣ ድምፅ እንዴት ጥልቀት እንደሚለካም አብረው አስረዱ።

በመጨረሻም ሰንጠረዡን ከመክፈትህ በፊት ከሳቂዎቹ ጋር እነማን ሊመጡ እንደሚችሉ አስብ። ለሞተ ወዳጅ፣ ለታመመ ልጅ፣ ለሚያከብረው አስተማሪ ስም የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ አለ። ለመታሰቢያ የሚቀርቡ ስሞች የራሳቸው ቦታ ይኑራቸው፤ ደረጃ የማይወጣበት፣ ከቀልዱ ጋር የማይፎካከሩበት። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ቢያንስ አንዱ መርከቧ ላይ ላለ አንድ ክፍል ወይም መሣሪያ እንዲሰጥ ቀድሞ ይወሰን። ለቤተሰቡም ውሳኔው ለጋዜጠኛ ከመነገሩ በፊት በስልክ ይነገረው።